የምርጫ ክልልን ውጤት ከሕዝብ ቆጠራ ጋር ማናበብ

ምርጫ ባለፈ ማግስት «ወጣቱ እንዲህ መረጠ፣ ስደተኛው እንዲያ መረጠ» የሚል ትንታኔ ይጎርፋል። የአብዛኛው መነሻ ሁለት ፋይሎች ናቸው። አንዱ በየምርጫ ክልሉ የተቆጠረውን ድምፅ ይዟል፤ ሌላው የዚያኑ ክልል ነዋሪዎች ዕድሜ፣ ትምህርት፣ ሃይማኖትና የቤት ይዞታ። ሁለቱን ማገጣጠም የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከባዱ ከተገጣጠሙ በኋላ ምን ማለት እንደሚቻልና ምን እንደማይቻል መለየቱ ነው፤ ስለዚህ አብዛኛውን ቦታ ለእሱ ሰጥተናል።

ለልምምድ የብሪታንያን ምርጫ እንወስዳለን። ውጤቱም ቆጠራውም በነፃ ይገኛል፣ በአንድ ዓይነት የምርጫ ክልል ወሰን ታትሟል፣ ቆጠራው ከምርጫው የሚቀድመውም በሦስት ዓመት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2024 በተካሄደው ጠቅላላ ምርጫ 650 የምርጫ ክልሎች ነበሩ፦ 543 በእንግሊዝ፣ 57 በስኮትላንድ፣ 32 በዌልስ፣ 18 በሰሜን አየርላንድ። ኤክሴል ይበቃል፤ ፓይተን ወይም አር የተባሉትን የፕሮግራም ቋንቋዎች የሚችል ደግሞ በእነዚያ ይሥራ።

ፋይሎቹን ማዘጋጀት

የውጤቱን ፋይል ከሃውስ ኦፍ ኮመንስ ላይብረሪ አውርዱ። ሁለት ዓይነት አለ፤ አንዱ ለእያንዳንዱ ዕጩ አንድ ረድፍ፣ ሌላው ለእያንዳንዱ ምርጫ ክልል አንድ ረድፍ ይሰጣል። የምትፈልጉት ሁለተኛውን ነው። ከአምዶቹ መካከል ኮዱን፣ ስሙን፣ የተመዘገቡትን መራጮች ብዛት፣ ዋጋ ያለውን ድምፅ ድምርና የየፓርቲውን ድምፅ አስቀሩ፣ ሌላውን አጥፉ።

ቆጠራው የሚገኘው ኖሚስ በሚባለው የብሪታንያ የስታቲስቲክስ ቢሮ ድረ ገጽ ላይ ነው። ሠንጠረዥ ስትመርጡ የአካባቢውን ዓይነት ይጠይቃችኋል፤ የ2010ሩንና የ2024ቱን ምርጫ ክልሎች ለየብቻ ስለሚያሳይ የ2024ቱን መምረጣችሁን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ አምስት ሠንጠረዥ በቂ ነው፦ ዕድሜ በነጠላ ዓመት፣ ከፍተኛው የትምህርት ደረጃ፣ የቤት ይዞታ፣ ሃይማኖት፣ የተያዘው ፓስፖርት። አርባ አምድ ሰብስቦ «የቱ ይዛመድ ይሆን?» ብሎ መጎርጎር አጉል ልማድ ነው። ከውጤቱ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸውን 40 ተለዋዋጮች በ5 በመቶ መስፈርት ብትፈትኑ ሁለቱ ያህል በአጋጣሚ ብቻ «ግንኙነት አላቸው» ተብለው ይወጣሉ።

ቀጥሎ የሚቀነሰውን ቀንሱ። ስኮትላንድ ቆጠራዋን ያካሄደችው ከሌሎቹ አንድ ዓመት ዘግይታ እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 2022 ነው፣ ሠንጠረዦቿም የራሷ ናቸው። በሰሜን አየርላንድ የሚፎካከሩት ፓርቲዎች ሌሎች ናቸው። እንግሊዝና ዌልስ የተቆጠሩት በአንድ ቀን፣ እ.ኤ.አ. ማርች 21 ቀን 2021፣ ስለሆነ 575ቱን ይዛችሁ ጀምሩ። ከእነሱም ቾርሊን አውጡ። የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ሊንዚ ሆይል የሚወዳደሩበት ነው፤ በልማዱ መሠረት ትልልቆቹ ፓርቲዎች ዕጩ አላቀረቡበትም። የሚቀሩት 574 ረድፎች ናቸው። አንድ ፓርቲ ዕጩ ባላቀረበበት ቦታ ደግሞ ዜሮ አትጻፉ፣ ባዶ ተዉት፤ ዜሮ ማለት ቀርቦ ያልተመረጠ ማለት ነው።

በኮድ እንጂ በስም አታገጣጥሙ

ስም ያሳስታል። በአንዱ ፋይል «ኤንድ» ተብሎ በፊደል የተጻፈው በሌላው በምልክት ይመጣል፤ የዌልሱ ምርጫ ክልል የኢኒስ ሞን ስም ላይ ያለው ምልክት ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አመዘጋገብ ካልተከፈተ ይበላሻል። ከሁሉ የከፋው ግን ስሙ ሳይለወጥ ወሰኑ የተለወጠው ነው። ከ2024ቱ ምርጫ በፊት የምርጫ ክልሎች ወሰን እንደገና ተሠርቷል፤ ኮዱም አብሮ ተቀይሯል። ለምሳሌ የኦልደርሾት ምርጫ ክልል አሮጌ ኮድ ኢ14000530 ነበር፣ አዲሱ ኢ14001063 ነው። በስም ብታገጣጥሙ ኤክሴል ምንም ሳያጉረመርም የድሮውን ሕዝብ ከአዲሱ ድምፅ ጋር ያጋባላችኋል።

የቆጠራ ፋይሎች ብዙ ጊዜ ረጅም ሆነው ይመጣሉ፤ ለአንድ ምርጫ ክልል በየሃይማኖቱ አንድ አንድ ረድፍ ይኖራቸዋል። ሳትገለብጡ ካገጣጠማችሁ ድምፁ በየረድፉ ይደገማል። ስለዚህ በመጀመሪያ ረድፎችን ወደ አምድ በሚገለብጠው የኤክሴል መሣሪያ በፒቮት ወደ አንድ ረድፍ አምጡ፣ ከዚያ በኮዱ ፈልጎ በሚያመጣው ፎርሙላ በኤክስሉክአፕ አያይዙ። ሲያልቅ ረድፍ ቁጠሩ፦ በትክክል 574 መሆን አለበት። ምንም ከመቀነሳችሁ በፊት ደግሞ የ650ውን ድምፅ ደምሩ። ወደ 28.8 ሚሊዮን ካልመጣ ስህተቱን ሳታገኙ ወደፊት አትሂዱ።

ሠንጠረዦቹን ስታወዳድሩ የአንዱ ምርጫ ክልል ጠቅላላ ሕዝብ በሁለት ሠንጠረዥ በጥቂት ሰዎች ሊለያይ ይችላል። የእናንተ ስህተት አይደለም፤ የግለሰቦችን ምስጢር ለመጠበቅ ቢሮው ቁጥሮቹን ሆን ብሎ በትንሹ ያናውጣቸዋል። አትከተሉት።

የምትፈልጉት ሠንጠረዥ በምርጫ ክልል ካልታተመ ከታች መገንባት ትችላላችሁ። ትንሹ የቆጠራ አካባቢ ከ40 እስከ 250 ቤተሰብ የሚይዝ ሲሆን በእንግሊዝና ዌልስ 188,880 አሉ። እያንዳንዱ ወደ የትኛው ምርጫ ክልል እንደሚገባ የሚያሳይ ማዛመጃ ዝርዝር ቢሮው አውጥቷል። እዚህ ላይ ሕጉ አንድ ነው፦ ብዛትን ደምሩ፣ መቶኛን በፍጹም አማካይ አታድርጉ። 100 ሰው ያለበት አካባቢ 50 በመቶና 600 ሰው ያለበት 10 በመቶ ሲደመሩ አማካዩ 30 ይመስላል፤ ትክክለኛው ግን ከ700 ሰው 110፣ ማለትም 15.7 በመቶ ነው።

ታህቱ ማን ነው?

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ እያንዳንዱን መቶኛ ከማመናችሁ በፊት ታህቱን፣ ማለትም መቶኛው ከስንትና ከእነማን እንደተሰላ፣ እዩ። የቆጠራው ትምህርት ሠንጠረዥ 16 ዓመትና ከዚያ በላይ ያሉትን ይቆጥራል። የቤት ይዞታው የሚቆጥረው ቤተሰብን እንጂ ሰውን አይደለም፤ ስድስት ተከራዮች ተካፍለው የሚኖሩበት ቤትና አንዲት አሮጊት ብቻቸውን የሚኖሩበት ቤት እኩል አንድ አንድ ናቸው። የሃይማኖት ጥያቄ በፈቃደኝነት የሚመለስ ስለሆነ 6 በመቶ ያህል ሰው አልመለሰም፤ ታህቱ ውስጥ እነሱን ማስገባትና ማስወጣት ውጤቱን ያንቀሳቅሳል። የትኛውንም ምረጡ፣ ግን ጻፉት፣ እስከ መጨረሻም አትለውጡት።

ትልቁ ስህተት ነዋሪን መራጭ አድርጎ መቁጠር ነው። በብሪታንያ ጠቅላላ ምርጫ ድምፅ መስጠት የሚችሉት ዕድሜያቸው 18 የሞላ የብሪታንያ፣ የአየርላንድና የመኖሪያ ሁኔታውን የሚያሟሉ የኮመንዌልዝ አገር ዜጎች ናቸው። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም። ስለዚህ ለንደን ውስጥ አንድ ፎቅ ላይ የሚኖር ኬንያዊ የመኖሪያ ፈቃድ ካለው ተመዝግቦ ሲመርጥ፣ የብሪታንያ ዜግነት ያላገኘ ኢትዮጵያዊ ጎረቤቱ ግን አይመርጥም። ቆጠራው ሁለቱንም እኩል ቆጥሯቸዋል። «አፍሪካዊ» የሚለውን አንድ አምድ ይዞ ስለ አፍሪካውያን ድምፅ የሚጽፍ ሰው የመምረጥ መብት የሌለውንም አብሮ አስመርጦታል።

መፍትሔው የፓስፖርት ሠንጠረዥ ነው። ሁለት ፓስፖርት የያዘ ሰው አንዱ የብሪታንያ ከሆነ በብሪታንያ ሥር ይመደባል፣ ለእኛም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። የአየርላንድንና የኮመንዌልዝ አገሮችን ፓስፖርት ጨምሩ፣ የቀረውን ቀንሱ። ፓስፖርት የሌላቸው አብዛኞቹ እዚያው የተወለዱ ስለሆኑ አትቀንሷቸው። ግምት ነው፣ ግን ካለማድረግ በእጅጉ ይሻላል።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚሆን በምናብ በሠራነው ምርጫ ክልል እንየው። ነዋሪ 130,000፤ ከ18 ዓመት በታች 28,000 ሲቀነስ 102,000 አዋቂ፤ የመምረጥ መብት የሌላቸው 20,000 ሲቀነሱ 82,000፤ ከእነሱ የተመዘገቡት 72,000፤ ድምፅ የሰጡት 39,600። ተሳትፎው ስንት ነው? ከተመዘገቡት 55 በመቶ፣ መብት ካላቸው 48.3 በመቶ፣ ከአዋቂዎቹ 38.8 በመቶ። ሦስቱም ትክክል ናቸው። ዜናው ላይ የሚነበበው የመጀመሪያው ነው፤ ስለ ሕዝቡ የሚነግራችሁ ግን ሁለተኛው ይበልጣል፣ ምክንያቱም ወጣትና ተከራይ ሕዝብ በበዛበት ቦታ ችግሩ የሚጀምረው ከምዝገባው ነው።

ሁለት ነገር ስለ ጊዜው። ቆጠራው የተካሄደው በኮሮና እገዳ ወቅት ስለነበር ወደ ሥራ የሚኬድበትን መንገድና ከቤት መሥራትን የሚመለከቱ ሠንጠረዦች የተለመደውን ኑሮ አያሳዩም፤ ተዉዋቸው። ተማሪዎች የተቆጠሩት በትምህርት ወቅት በሚኖሩበት አድራሻ ሲሆን ምርጫው የዋለው ደግሞ በክረምት ዕረፍት ነው። በዩኒቨርሲቲ ከተሞች የወጣቱ ድርሻ ከፍ ብሎ ተሳትፎው ዝቅ ቢል፣ ልጆቹ ወላጆቻቸው ዘንድ ሄደው መርጠው ሊሆን ይችላል።

ከቁጥር በፊት ግራፍ

የሚለካው ውጤት የድምፅ ድርሻ ይሁን፣ መቀመጫ አይሁን። የሌበር ፓርቲ በ2024 በ33.7 በመቶ ድምፅ 411 መቀመጫ አግኝቷል፤ በሄንደን ምርጫ ክልል ያሸነፈው በ15 ድምፅ ብቻ ነው። ካርታው ላይ ግን ሄንደን ሙሉ በሙሉ በሌበር ቀለም ቀይ ነው።

አግድሙ ላይ ለምሳሌ ዲግሪ ያላቸውን በመቶ፣ ቀጥታው ላይ ሪፎርም ዩኬ የተባለውን ፓርቲ የድምፅ ድርሻ አድርጋችሁ የነጥብ ግራፍ ሥሩ። ዲግሪ ያላቸው በበዙ ቁጥር የሪፎርም ድርሻ እንደሚወርድ በዓይን ይታያል። ከዚያ በኋላ ነው ኮሬል (ተዛምዶን የሚለካው)፣ ስሎፕና ኢንተርሴፕት (በነጥቦቹ መካከል የሚያልፈውን መስመር ዝንባሌና መነሻ የሚሰጡት) የሚባሉት ፎርሙላዎች የሚገቡት። ስሎፑ −0.5 ቢሆን ንባቡ እንዲህ ነው፦ ዲግሪ ያላቸው በ10 ነጥብ በሚበልጡበት ምርጫ ክልል የፓርቲው ድርሻ በአማካይ በ5 ነጥብ ያንሳል። «ዲግሪ ያለው ሰው እንዲህ መረጠ» ማለት አይደለም፤ ወደዚህ እንመለሳለን።

በእንግሊዝና ዌልስ ለረድፎቹ ክብደት መስጠት አያስፈልግም። አዲሱ ወሰን ሲሠራ ከጥቂት የተጠበቁ ደሴቶች በቀር እያንዳንዱ ምርጫ ክልል ከ69,724 እስከ 77,062 መራጭ እንዲይዝ ሕጉ አስገድዷል።

ሪግሬሽን ውስጥ፣ ማለትም ውጤቱን ከሌሎች ተለዋዋጮች በሚተነብየው ስሌት ውስጥ፣ ብዙ ተለዋዋጭ ስታስገቡ ሁለት ወጥመዶች አሉ። የቤት ይዞታ ድርሻዎች (በግል የሚከራይ፣ ከመንግሥት የሚከራይ፣ የራሱ ቤት ያለው) ሲደመሩ 100 ስለሚመጡ ሁሉንም ማስገባት አይቻልም፤ አንዱን አውጡና ሌሎቹን ከእሱ አንጻር አንብቡ። ሁለተኛው፣ ወጣትነት፣ ዲግሪ፣ ኪራይና የሕዝብ ጥግግት ተያይዘው የሚሄዱ ናቸው። አራቱን አንድ ላይ ስታስገቡ የአንዱ ምልክት ከመደመር ወደ መቀነስ ቢገለበጥ አትደነቁ፤ ፎርሙላው ማንኛቸው እንደሠሩት መለየት አቅቶታል ማለት ነው። ሁለቱን አውጡና ድገሙት።

ከ2019ኙ ምርጫ ጋር ለውጥ ለማስላት ለምትፈልጉ፦ የድሮው ውጤት በድሮው ወሰን ስለሆነ በቀጥታ አይነጻጸርም። በአዲሱ ወሰን የተገመተ የ2019 ውጤት ታትሟል። ብሪታንያ ግን የጠቅላላ ምርጫን ድምፅ በምርጫ ጣቢያ ከፋፍላ ስለማታሳትም ያ ራሱ ግምት ነው፤ ወሰኑ በጣም በተቀየረበት ቦታ ባለ አንድ ነጥብ ለውጥ ላይ ታሪክ አትገንቡ።

ቁጥሩ ስለ ቦታ እንጂ ስለ ሰው አይናገርም

እ.ኤ.አ. በ1950 ሮቢንሰን የተባለ የሶሺዮሎጂ ምሁር በ1930 የአሜሪካ ቆጠራ ይህን አሳይቷል። በግዛት ደረጃ ሲታይ የውጭ ተወላጅ በበዛበት ማንበብና መጻፍ የማይችል ያንሳል፤ ተዛምዶው −0.53 ነበር። በግለሰብ ደረጃ ሲታይ ግን ምልክቱ ተገልብጦ 0.12 ሆነ፣ ማንበብ የማይችለው በውጭ ተወላጆቹ መካከል ይበዛ ነበር። ስደተኞቹ የሰፈሩት ነባሩ ሕዝብ በተማረባቸው ግዛቶች ስለነበር ነው። የምርጫ ትንታኔም እዚህ ላይ ነው በተደጋጋሚ የሚወድቀው።

ታዲያ ስለ ቡድኑ ምንም ማለት አይቻልም? አንዳንዴ ይቻላል፣ ለዚያውም በመደመርና በመቀነስ ብቻ። 1,000 ሰው ድምፅ ሰጠ እንበል፤ 800ው ከአንድ ቡድን፣ 200ው ከሌላ። ፓርቲው 550 ድምፅ አገኘ። ሌሎቹ 200 በሙሉ ለእሱ ቢመርጡ እንኳ የሚቀረው 350 ከ800ው መምጣት ግድ ነው፤ ቢያንስ 43.75 በመቶ። 550ው በሙሉ ከእነሱ ቢመጣ ደግሞ 68.75 በመቶ። ስለዚህ የቡድኑ ድጋፍ በእነዚህ መካከል መሆኑ የተረጋገጠ ነው፣ ምንም ሞዴል አያስፈልገውም።

አሁን ቡድኑ ከ1,000ው 50 ብቻ ይሁን፣ ፓርቲውም 300 ያግኝ። ሃምሳውም መርጠውት ሊሆን ይችላል፣ አንዳቸውም ላይመርጡት ይችላሉ፤ ከ0 እስከ 100። ይህ ፋይል ስለዚያ ቡድን የሚነግራችሁ ነገር የለም፤ ሪግሬሽኑ ያማረ ቁጥር ቢያወጣም የለም። የሚገርመው ግን ሌላው አቅጣጫ ነው፦ ቡድኑ 300 ሆኖ ፓርቲው 100 ድምፅ ብቻ ካገኘ፣ ድጋፉ ከ33.3 በመቶ ሊበልጥ አይችልም። አነስተኛ ድምፅ ያገኙ ፓርቲዎች ጣሪያው ጠባብ ስለሆነ ለማንበብ ይቀላሉ።

ይህን ለ574ቱም ረድፎች በሁለት አምድ ማስላት ይቻላል። ዝቅተኛው፦ ከፓርቲው ድርሻ ላይ የሌሎቹን ድርሻ ቀንሳችሁ ለቡድኑ ድርሻ አካፍሉ፣ ከዜሮ ካነሰ ዜሮ። ከፍተኛው፦ የፓርቲውን ድርሻ ለቡድኑ ድርሻ አካፍሉ፣ ከ1 ከበለጠ 1። ከዚያ ስፋቱ ከ30 ነጥብ በታች የሆኑትን ብቻ ለዩ። ብዙ ጊዜ ጥቂት ይቀራሉ። የቡድኑ ድርሻ የሚለካው ድምፅ ከሰጡት መካከል መሆን እንዳለበትም አትርሱ፤ የነዋሪውን ድርሻ ከተጠቀማችሁ ሁሉም እኩል ወጥቶ መርጧል ብላችሁ ገምታችኋል።

ያፈነገጡትን ጠይቁ

ከእውነተኛው ድርሻ ላይ መስመሩ የተነበየውን ስትቀንሱ የሚተርፈው ቀሪ ይባላል። በትልቅነቱ ደርድሩና ከላይም ከታችም አስር አስር ምርጫ ክልሎችን ተመልከቱ። ለእኛ ከሠንጠረዡ ሁሉ የሚጣፍጠው እዚህ ነው።

ሌስተር ጥሩ ምሳሌ ናት። በዚያች አንድ ከተማ ሁለት ጎረቤት ምርጫ ክልሎች፣ ሌስተር ኢስትና ሌስተር ሳውዝ፣ ሁለቱም ብዙ የእስያ ዝርያ ያለው ሕዝብ አላቸው፤ ሁለቱንም ሌበር አጥቷቸዋል። ኢስትን የወሰደው ኮንሰርቫቲቭ ነው፤ በዚያ ምርጫ ፓርቲው ከሌላው ነጥቆ ያገኘው ብቸኛ መቀመጫ ነበር። ሳውዝን በ979 ድምፅ ብልጫ የወሰደው ደግሞ የጋዛን ጉዳይ ይዞ የቀረበ የግል ዕጩ ነው። «እስያዊ» የሚል አምድ ብቻ ላለው ሰው ሁለቱ መንታ ናቸው። የሃይማኖት አምዱን ስትጨምሩ ይለያያሉ፤ ኢስት ሂንዱዎች፣ ሳውዝ ሙስሊሞች የሚበዙበት ነው። በሰፊው የተጠቀለለ ምድብ ሁለት ተቃራኒ እንቅስቃሴዎችን ደምሮ ዜሮ ሊያደርጋቸው ይችላል፤ በተቻለ መጠን የተዘረዘረውን ሠንጠረዥ አውርዱ።

ሆኖም ኢስትን ቆጠራው ብቻውን አያብራራውም። ቀድሞ የሌበር የምክር ቤት አባላት የነበሩ ሁለት ሰዎች፣ ክላውዲያ ዌብና ኪት ቫዝ፣ እዚያው ከሌበር ውጪ ተወዳድረው ድምፅ ወስደዋል። ኢዝሊንግተን ኖርዝም ጄረሚ ኮርቢን በግል ቀርበው ስላሸነፉ ከመስመሩ ይርቃል። ስለዚህ ስለ ቀሪ ከመጻፋችሁ በፊት የዕጩዎቹን ዝርዝር ክፈቱ።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ

ይኸው አሠራር ለ547ቱ የኢትዮጵያ ምርጫ ክልሎች እንዳለ አይገለበጥም። የመጨረሻው ቆጠራ በአብዛኛው አገር በግንቦት 1999 ዓ.ም. የተካሄደ ነው፣ በአፋርና በሶማሌ ደግሞ በኅዳር 2000። የታተመውም በወረዳ እንጂ በምርጫ ክልል አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሲዳማን የመሳሰሉ አዳዲስ ክልሎች ተመሥርተዋል፣ ወረዳዎችም ተከፋፍለዋል። በመጀመሪያ የሚሠራው እያንዳንዱ የ1999 ወረዳ ወደ የትኛው ምርጫ ክልል እንደሚገባ የሚያሳይ ማዛመጃ ነው፤ ለሁለት የተከፈለውን ወረዳ በቀበሌ ከፍሎ መመደብ ያስፈልጋል። ሕገ መንግሥቱ ለአናሳ ብሔረሰቦች ቢያንስ 20 መቀመጫ ስለሚይዝ የምርጫ ክልሎቹ የሕዝብ ብዛት እኩል አይደለም፤ እዚህ ረድፎቹን በመራጭ ብዛት መመዘን ግድ ነው። መቀመጫን መለኪያ ማድረግም ጨርሶ አይሠራም፦ በ1997ቱ ምርጫ ቅንጅት በአዲስ አበባ 23ቱንም መቀመጫ ስላሸነፈ አምዱ በሙሉ አንድ ዓይነት ነው፣ ኮሬልም ስህተት ብቻ ይመልሳል።

የቆጠራው ማርጀት በዝቅተኛውና በከፍተኛው ግምት መካከል ያለውን ስፋት ምን ያህል እንደሚጨምር ራሳችሁ አስሉ። አንድ ቡድን በ1999 ከሕዝቡ 60 በመቶ ነበር፣ ፓርቲው 55 በመቶ አገኘ እንበል። በድሮው ቁጥር የቡድኑ ድጋፍ ከ25 እስከ 91.7 በመቶ ነው። ዛሬ የቡድኑ ድርሻ ከ50 እስከ 70 የትም ሊሆን ከቻለ ሁለቱንም ጫፍ አስሉ፦ በ50 ከ10 እስከ 100፣ በ70 ከ35.7 እስከ 78.6። የሚጻፈው ሰፊው ነው፣ ከ10 እስከ 100።